ያለሽ ሳይክል ይበቃል፦ በፖቶማክ ዳር መኪና የማይገባበት የጠጠር መንገድ

ጥያቄው፦ «ያደግኩት ባሕር ዳር ነው፤ ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት የምሄደው በሳይክል ነበር። አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ። ከመኪና ጋር እየተጋፋሁ መንዳት እፈራለሁ። በፖቶማክ ወንዝ ዳር መኪና የማይገባበት የጠጠር መንገድ አለ ሲሉኝ ከ10 ዓመት ልጄ ጋር ልሞክረው ፈለግኩ። ያገለገለ ሃይብሪድ፣ ማለትም ለአስፋልትም ለጠጠርም የሚሆን ሳይክል ቤት አለኝ፤ ጎማው ላይ 700 በ32 ይላል። አንድ ሱቅ ግን ‹ለዚያ መንገድ ግራቭል ባይክ፣ ለጠጠር መንገድ የተሠራ ሳይክል ነው የሚያስፈልግሽ› ብሎ 2,000 ዶላር ጠራልኝ። እውነት ያስፈልገኛል? ከየትስ ልጀምር? ባለቤቴ ደግሞ ‹ከጀመርን አይቀር ሙሉውን እንጨርሰው› ይላል።»

እህቴ፣ 2,000 ዶላርሽን ያዢው። እኔ የምተዳደረው ሳይክል በመጠገን ነው። ውድ ሳይክል ሲሸጥ ደስ ነው የሚለኝ። ግን ላንቺ ጉዳይ የሚያስፈልገው ሁለት ጎማና የነፋሱን መጠን የሚያሳይ ማንበቢያ ያለው ፓምፕ ነው። እሱን ከመንገሬ በፊት ስለ መንገዱ ትንሽ ላውራ፤ መንገዱን ስታውቂው የሳይክሉ ነገር ራሱ ግልጽ ይሆናል።

የሰማሽው መንገድ ሲ ኤንድ ኦ ካናል ቶውፓዝ ይባላል። ዲሲ ውስጥ ከጆርጅታውን ተነስቶ እስከ ከምበርላንድ፣ ሜሪላንድ ድረስ 184.5 ማይል ይዘልቃል። ወደ 297 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ወደ ምዕራብ ስትነጂ በግራሽ ፖቶማክ፣ በቀኝሽ አሮጌው ቦይ ይሄዳል። አንቺ መሃል ባለው የአፈርና የደቃቅ ጠጠር መንገድ ላይ ነሽ። ቦዩ እ.ኤ.አ. በ1828 መቆፈር ጀመረ፤ ከምበርላንድ የደረሰው ግን በ1850 ነው። የባልቲሞርና ኦሃዮ ባቡር ሥራውን የጀመረው በዚያው በ1828፣ በዚያው ቀን ነበር፤ ባቡሩ ስምንት ዓመት ቀድሞ ከምበርላንድ ገባ። ምስኪን ቦይ! ቢሆንም እስከ 1924 ድረስ ሠራ፤ በዚያ ዓመት ጎርፍ መታውና በዚያው ቀረ።

ጀልባዎቹን የሚጎትቱት በቅሎዎች ነበሩ። አንቺ የምትነጂበት መንገድ በቅሎዎቹ የሄዱበት ነው። የጫነ ጀልባ የሚጎትት እንስሳ ዳገት እንዳያስቸግረው ተብሎ ስለተሠራ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከፍታው የሚጨምረው 605 ጫማ ብቻ ነው። እሱም በአንዴ አይመጣም። 74 ሎኮች፣ ማለትም ጀልባ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ የውሃ በሮች አሉ። ሎክ ጋ ስትደርሺ አጭር ሽቅብ ትወጫለሽ፤ ከዚያ ደግሞ ለጥ ያለ ሜዳ ነው።

መኪና ለምን አይገባም ካልሽ፣ ሊገባ ለጥቂት ነው የቀረው። በ1950ዎቹ ቦዩን ተከትሎ የመኪና መንገድ ይሠራ የሚል ዕቅድ ነበር፤ ዋሽንግተን ፖስትም በርዕሰ አንቀጹ ደገፈው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊሊያም ዳግላስ ይህን ሲያነብ ለጋዜጣው ደብዳቤ ጻፈ፤ ርዕሰ አንቀጹን የጻፈው ሰው አብሮኝ ይምጣና መንገዱን በእግሩ ይየው አለ። በመጋቢት 1954 ከከምበርላንድ ተነስተው ወደ ዲሲ በእግር ጉዞ ጀመሩ። ብዙ ሰው ተከትሏቸው ነበር፤ ሙሉውን የጨረሱት ግን ዳኛውን ጨምሮ ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። ጋዜጣው አቋሙን አለዘበ፤ የመኪና መንገዱም ቀረ። ቦታው በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። ዛሬ ልጅሽን ከፊት አስቀድመሽ ያለ ሥጋት የምትነጂው በዚያ ክርክር ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ጎማው። 700 በ32 ማለት ጎማሽ 32 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው ማለት ነው። መንገዱ በደረቀ ቀን በ32 ይነዳል፤ አይሰበርብሽም። ግን ክንድሽና ወገብሽ ማታ ይነግሩሻል። ብዙ ሃይብሪድ ሳይክሎች 38 ወይም 40 ሚሊ ሜትር ጎማ ይቀበላሉ። ከመግዛትሽ በፊት ጎማው ከፊት ሹካውና ከኋላ ፍሬሙ ጋር ያለውን ክፍተት እዪ። አዲሱ ጎማ ሲገባ በየጎኑ ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር መቅረት አለበት፤ ካልቀረ ጭቃ ሲገባ ይጣበቃል። የጭቃ መከላከያ ካለው እሱንም ቁጠሪ። ጥርሱ ትልልቅ የሆነ ጎማ አያስፈልግሽም። መሃሉ ለስለስ ያለ፣ ጎንና ጎኑ ላይ ትንሽ ጥርስ ያለው ምረጪ። ካላማዳሪያውንም በአዲሱ ስፋት ልክ ቀይሪ፤ ለጠባብ ጎማ የተሠራው ሰፊው ውስጥ ሲለጠጥ ይሳሳል።

ከስፋቱ በላይ ለውጥ የሚያመጣው ግን የነፋሱ መጠን ነው። አብዛኛው ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ጎማውን ድንጋይ እስኪሆን ነፍቶ ነው። አስፋልት ላይ ይሄ ብዙም አይታወቅም። ጠጠር ላይ ግን ያን ያህል የተነፋ ጎማ በእያንዳንዱ ጠጠር ላይ ይዘላል። ዝላዩን የሚሸከመው ሰውነትሽ ነው፤ ጉልበትሽም ወደ ፊት መሄዱን ትቶ በመንቀጥቀጥ ያልቃል። ለስለስ ያለ ጎማ ጠጠሩን ዋጥ አድርጎት ያልፋል፤ መሬቱንም የበለጠ ይይዛል። ክብደትሽ 70 ኪሎ ገደማ ከሆነ በ40 ሚሊ ሜትር ጎማ ከፊት 35፣ ከኋላ 38 ፒ.ኤስ.አይ. (ፓምፑ ላይ የሚነበበው የነፋስ ግፊት መለኪያ) አድርጊና ጀምሪ። ኋላው የሚበልጠው ክብደትሽ የሚያርፈው እዚያ ስለሆነ ነው። ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ቁጥር ግን አትውረጂ። ነፋሱ ሲያንስ ጉድጓድ ስትመቺ ቸርኬው ካላማዳሪያውን በድንጋዩ ላይ ይጨፈልቀውና ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ይወጣል። እንደዚያ ዓይነት ቀዳዳ ካየሽ እሾህ አትፈልጊ፤ ትንሽ ነፋስ ጨምሪ። የልጅሽ ሳይክል ባለ 24 ኢንች ሰፊ ጎማ ከሆነ ከ25 እስከ 30 ይበቃዋል። በአውራ ጣት ተጭኖ መለካቱን ተዪው፤ ለዚያ ነው ማንበቢያ ያለው ፓምፕ ያልኩሽ።

ግራቭል ባይክ መጥፎ ነገር ነው እያልኩ አይደለም። ረጅም ርቀት በፍጥነት ለሚነዳና የተጎነበሰ መሪ ለለመደ ሰው ቆንጆ ነው። አንቺ ግን ከልጅሽ ጋር በሰዓት 8 ማይል ነው የምትነጂው። የፓርኩ የፍጥነት ገደብ ራሱ በሰዓት 15 ማይል ነው። ምኑን ልትጠቀሚበት?

ባሕር ዳር የለመድሽው ሚዛን አልጠፋም፤ ሰውነት እሱን አይረሳም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በይ፦ እዚህ አሜሪካ በሚሸጡ ሳይክሎች በግራ እጅሽ የሚያዘው የፊት ፍሬን ነው። ጠጠር ላይ እየታጠፍሽ የፊቱን ፍሬን አጥብቀሽ ከያዝሽ ጎማው ይንሸራተትና መሬት ነሽ። ቀጥ ብለሽ ሳለ ፍጥነትሽን ቀንሺ፤ ከዚያ ፍሬኑን ለቀቅ አድርገሽ ታጠፊ። ክርንሽ አይገትር፤ መሪውንም አንቀሽ አትያዢው። ዓይንሽ ጎማው ሥር ሳይሆን ራቅ ብሎ ወደ ፊት ይይ። ልጁንም ይህን አስተምሪው፤ ልጆች ፊት ጎማቸውን ማየት ይወዳሉ።

ሌላው ማንም የማይነግርሽ ነገር ሜዳ መንገድ ቀላል አለመሆኑ ነው። ዳገት ያለበት መንገድ ቁልቁለትም አለው፤ ቁልቁለት ላይ እግርሽን አሳርፈሽ፣ ከኮርቻው ብድግ ብለሽ ትወርጃለሽ። እዚህ ግን ፔዳሉን መምታት ካቆምሽ ሳይክሉ ይቆማል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳትነሺ ትቀመጫለሽ። ሰው በዚህ መንገድ የሚማረረው በእግሩ ሳይሆን በመቀመጫው ነው። ስለዚህ በየአሥር ደቂቃው ሆን ብለሽ ቁሚና ጥቂት ፔዳል ምቺ። ኮርቻውን ለስላሳ ስፖንጅ ከመጨመር ቁመቱን ማስተካከል ይሻላል፦ ተረከዝሽን ፔዳሉ ላይ አድርገሽ ወደ ታች ስትገፊ እግርሽ ቀጥ ማለት አለበት።

ከየት ልጀምር ላልሽው፣ ከጆርጅታውን አትጀምሪ። መነሻ ስለሆነ ሁሉም ሰው እዚያ ይሄዳል፤ ግን ጠባብ ነው፣ እግረኛ ይበዛዋል፣ ለልጅ አይመችም። ግሬት ፎልስም ለመጀመሪያ ቀን አይሆንም። ፏፏቴው በጣም ያምራል፤ ቅዳሜና እሁድ ግን ፓርኪንጉ በጠዋት ይሞላል፣ መግቢያውም ይከፈልበታል።

እኔ ብሆን ፔኒፊልድ ሎክ ሄጄ መኪናዬን አቆማለሁ። ማይል 19.7 ላይ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ቤልትዌይን ይዘሽ በሪቨር ሮድ መውጣት ነው፤ ማቆሚያው ነፃ ነው። ከዚያ ወደ ላይ፣ ወንዙ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ንጂ። ወዲያው በወንዙና በቦዩ መካከል ዲርሰን የሚባለው ለውሃ ወፎች የተከለለ ረግረግ ይመጣል። እዚያ ቀስ በሉ። ኤሊዎች ግንድ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። ግሬት ብሉ ሄረን የሚባለው ረጅም ግራጫ ወፍ ውሃው ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ ዓሣ ይጠብቃል፤ ልጅሽ ሐውልት ነው ሊልሽ ይችላል። ቀና ካላችሁ ነጭ ራስ ያለውን የአሜሪካ ንስር ልታዩ ትችላላችሁ። ቢቨር የፋቀው ዛፍም አይጠፋም።

ቫዮሌትስ ሎክን አልፋችሁ ማይል 22.8 ላይ ራይሊስ ሎክ ትደርሳላችሁ። እዚያ ሴኔካ ክሪክን የሚሻገር ቀይ የድንጋይ አኩዌደክት አለ፤ ቦዩን ራሱን በወንዝ ላይ ያሻግር የነበረ ድልድይ ማለት ነው። ሦስት ቅስቶች ነበሩት፤ አንዱን በ1971 ጎርፍ ወስዶታል። አኩዌደክት ላይ ከሳይክል ወርዶ መግፋት ግዴታ ነው። ቁርስ ብሉና ተመለሱ። ደርሶ መልስ 6 ማይል ከትንሽ ነው። ለመጀመሪያ ቀን በቂ ነው፤ ልጁ «እንቀጥል» ቢልም ተመለሺ። ወደ ላይ ሄዶ ወደ ታች መመለስ ይሻላል ያልኩት ድካም በሚመጣበት ሰዓት ትንሿም ቁልቁለት ስለምትረዳ ነው።

በሁለተኛው ጊዜ ከራይሊስ ሎክ ተነስታችሁ ወደ ሲካሞር ላንዲንግ ንዱ። ማይል 27 ገደማ ነው። እዚያ አካባቢ ማኪ በሸርስ የሚባለው የዱር እንስሳት ጥብቅ ቦታ ከቦዩ ጋር ይዋሰናል። በሐምሌ የሱፍ አበባ ማሳዎቹ ቢጫ ይለብሳሉ፤ የአበሻ ሙሽራ በሙሉ ፎቶ የሚነሳው እዚያ ይመስላል። ማሳዎቹ ከቦዩ ወደ ውስጥ ገባ ስለሚሉ ለፎቶው በሪቨር ሮድ በኩል በመኪና መሄድ ይቀላል። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ በዚያ ጥብቅ ቦታ አደን ይፈቀዳል። ፓርኩ ውስጥ ክልክል ነው፤ ግን አጥሩ የዛፍ ጥላ ብቻ ነው። ከመስከረም እስከ ጥር በዚያ በኩል ስትነዱ ብርቱካናማ ሰደርያ ልበሱ።

ልጁን በተመለከተ ሄልሜት የግድ ነው፤ በሜሪላንድ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሕጉም ያዛል። ከመኪና ይልቅ እዚህ የሚያሰጋኝ ጠርዙ ነው። መንገዱ በአንድ ወገን ወደ ቦዩ፣ በሌላው ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ አብዛኛው ቦታ መከለያ የለውም። ልጁ ከፊትሽ፣ መሃል መንገዱን ይዞ ይንዳ። ሰው ሲቀድሙ ደወል መደወል፣ ከዚያ በግራ ማለፍ። በፀደይ ወራት ጫጩት ያላቸው ዝይዎች መንገዱን ዘግተው ያፏጩባችኋል። አትከራከሯቸው፤ ወርዳችሁ በሰፊው እለፉ። ፖቶማክ ላይ ደግሞ ከላይ ጸጥ ያለ ቢመስልም ዋና አትሞክሩ። በግሬት ፎልስ አካባቢ ውሃ ውስጥ መግባት ክልክል ነው፤ ሰው እየሞተበት ስለሆነ ነው።

መዥገር ላይ አልቀልድም። ሰው እዚህ አገር ብዙ ዓመት ኖሮ የማያውቀው ነገር ነው። ላይም የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፈው መዥገር ገና ግልገል እያለ ከጤፍ ቅንጣት ብዙም አይበልጥም፤ በብዛት የሚገኘውም ከግንቦት እስከ ሐምሌ ነው። መንገዱ መሃል ላይ አይይዝሽም፤ ረጅም ሣር ውስጥ ስትገቢ ነው። ቤት ስትገቡ የጉልበት እጥፋት፣ ብብት፣ ከጆሮ ኋላና የልጁን ፀጉር ውስጥ ፈትሺ። ከተገኘ በወረንጦ ቆዳው ሥር ይዘሽ ቀጥ አድርገሽ ንቀዪው። ክብሪት፣ ቅቤ፣ ቫዝሊን የሚባል ነገር የለም። በቀጣዩ ወር ውስጥ የሚሰፋ ቀይ ክብ ወይም ትኩሳት ከታየ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ መዥገር እንደነበረም ንገሩ። ሌላው ፖይዝን አይቪ ነው፦ ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው ሐረግ፣ ዛፍ ላይ ሲወጣ ግንዱ ፀጉር የሚያበቅል። ከነካችሁት ቶሎ በሳሙና ታጠቡ። ለሽንት ጫካ መግባት ካለብሽ መጀመሪያ ይህ ቅጠል አለመኖሩን እዪ።

ውሃ ከቤት ያዙ። በመንገዱ ላይ ባሉ ካምፖች የእጅ ፓምፕ አለ፤ ውሃው በአዮዲን ስለሚታከም ጣዕሙ ያንን ያንን ይላል፤ በብርዱ ወራት ደግሞ ይዘጋል። ፓርኩ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ስለሌለው የሙዝ ልጣጩም ከእናንተ ጋር ይመለሳል። ቆሎና ቴምር ከሱቅ ብስኩት የተሻለ ስንቅ ነው። የምትጾሚ ከሆነ፣ ሰዓት ሳይሞላ በሐምሌ ሙቀት አትውጪ፤ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ጀምሪ፣ ጥላውም ያኔ ነው የሚያምረው። ከዝናብ በኋላ ሁለት ደረቅ ቀን ጠብቂ፤ ካልጠበቅሽ ሳይክሉን ስታጥቢ ነው የምትውዪው። ከመውጣትሽ በፊት ደግሞ የፓርኩን ገጽ ከፍተሽ የተዘጋ ክፍል መኖሩን እዪ። ጎርፍና ጥገና ብዙ ጊዜ ይዘጉታል።

ስልክ የማይሠራባቸው ቦታዎች አሉ። በየማይሉ ቁጥር የተጻፈበት ምሰሶ አለ። ያለፋችሁትን ቁጥር ልጁ ጮክ ብሎ እንዲያነብ አድርጊ፤ ጨዋታ ይሆነዋል። 911 መደወል ቢያስፈልግ «ቦዩ ዳር ነን» ማለት አይጠቅምም፤ «ማይል 21ን አልፈናል፣ ወደ ቫዮሌትስ ሎክ ነን» ማለት ግን ሰው ያደርስልሻል።

የባለቤትሽ ሐሳብ አይናቅም፤ ግን ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ከኤድዋርድስ ፌሪ እስከ ሞኖካሲ አኩዌደክት ሄዶ ይመለስ። ደርሶ መልስ 23 ማይል ገደማ ነው፤ መጨረሻ ላይ በ1833 ያለቀ ባለ ሰባት ቅስት ድልድይ ይጠብቀዋል። በማግስቱ መቀመጥ ከቻለ እናወራለን። ሙሉውን በአምስት ቀን ለመጨረስ በቀን 37 ማይል መንዳት ይጠይቃል። አምትራክ ከዲሲ ወደ ከምበርላንድ ይሄዳል፤ ሳይክል ይጭናል፤ ለሳይክሉ ግን አስቀድሞ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል። ከዚያ ወደ ቤት እየነዱ መመለስ ነው። በየጥቂት ማይሉ ያሉት የድንኳን ቦታዎች ነፃ ናቸው፤ በአንዱ ቦታ አንድ ሌሊት ብቻ ነው የሚፈቀደው። ድንኳን ካልወደደ ፔኒፊልድ ያለው የድሮው የሎክ ጠባቂ ቤት ለአዳር ይከራያል። ከከምበርላንድ 30 ማይል ገደማ ወዲህ ፖ ፖ የሚባል ዋሻ አለ፤ 3,118 ጫማ ይረዝማል፣ ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው፣ መንገዱም ወጣ ገባና ጠባብ ነው። ስለዚህ የእጅ ባትሪ ይያዝ፣ ከሳይክሉም ወርዶ እየገፋ ይለፍ።